ሳይቆጠር የተገጠመው ካምቢዮ

ባለፈው ወር መኪናዬን ለዓመታዊ ቴስት ይዤ ወደ ኢንዱስትሪው ቀጠና ሄጄ ነበር። ሰልፉ ረዥም ስለነበር ወርጄ ጥላ ስፈልግ፣ ከአንድ ሙሳክ፣ ከመኪና ጋራዥ በር ላይ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ነው። የማያውቀው ሰው ስኳርና ጎማ አብረው ያረሩ ይመስለዋል። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አንዱ ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት። ሙቀቱ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

እናንተም እስራኤል ውስጥ በቂርያት ጋት ባለአራት ፎቅ ብሎኮች ውስጥ ያደጋችሁ ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። የጋለ አስፋልት፣ ከየመስኮቱ የሚንጠባጠብ የልብስ ውሃ፣ ከታች ከሚክላቱ፣ ከቦምብ መጠለያው በር የሚወጣ የሻጋታ ሽታ። እኛ ልጆቹ ከብሎኩ ጀርባ ሚሽሚሽ በሚሉት እንደ ኮክ ያለ ፍራፍሬ ደረቅ ፍሬ ጎጎኢም የሚባለውን ጨዋታ እንጫወት ነበር። እናቴ ሐምሌን በጎንደር አቆጣጠር ክረምት ትለዋለች፤ ጠብታ ዝናብ የሌለው፣ አፈሩ የሚሰነጠቅ ክረምት። በዚያ ዓመት ደግሞ ክረምቱ የአዝዓቃ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ጩኸት ክረምት ሆነ። ጩኸቱ ሲነሳ ፍሬያችንን በትነን ወደ ሚክላት እንሮጣለን፤ ስንመለስ ፍሬው የማን እንደነበር እንጣላለን።

ከጎንደር ስንመጣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ማሩ በአንድ የማሸጊያ ፋብሪካ በሚሽመሬት፣ በፈረቃ ይሠራል። እናቴ ጥሩወርቅ በዚያ ክረምት ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሆዷን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው፤ ደረጃ ስትወጣም፣ ስትቀመጥም። ታናሽ ወንድሟ ተገኘ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ጎንደር በጋራዥ ያደገ ሰው ነው። እዚህ ግን ሌሊት ሌሊት የላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ቀን ቀን ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት ይጠግናል። እኔን ዓለሜ ይለኛል። ሲስቅ ዓይኑ ጠፍቶ ይቀራል።

አባቴ መኪናውን የገዛው ለእናቴ ሲል ነበር። በከተማችን የሚያዋልድ ሆስፒታል የለም፤ ሰው ወደ አሽቀሎን ወይም ወደ ቤርሼባ ነው የሚሄደው። «ይህን ልጅ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ አላጣውም» ይል ነበር። መኪናው ጃፓን ሠራሽ፣ አሮጌ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት ረዥም መኪና ነው። ጣሪያው ላይ ነጩ ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ ነበር። አባቴ ግን ዓርብ ዓርብ ከሰንበት በፊት በባልዲ ያጥበዋል፤ እኔ ጎማዎቹን እፈትጋለሁ። ውስጡ የብርቱካን ልጣጭና የጸሐይ ሽታ ነበረው።

በዚያው ክረምት መጀመሪያ ካምቢዮው ሞተ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይነቃነቅም። ሙሳኩ የአዲስ ካምቢዮ ዋጋ ከመኪናው ይበልጣል አለን። አጎቴ ተገኘ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ፒሩክ የሚሉት የአሮጌ መኪና መበታተኛ ቦታ ሄዶ ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና ላይ አንድ ካምቢዮ አገኘ፣ በጓደኛው ጭነት መኪና አምጥቶም ከብሎኩ ጀርባ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠው። ሻጩ «ኦቶ ዳቫር፣ ኦቶ ዳቫር» ብሎታል፤ ያው ነው፣ አንድ ነው ማለቱ ነው። አጎቴ ግን አላመነውም።

«ዓለሜ፣ ነይ» አለኝና ጠመኔ ሰጠኝ። «ይህ መኪና በፊትም በኋላም ይጎትታል። የፊቱ ማርሽ እዚህ ካምቢዮ ውስጥ ነው፣ የኋላው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። ሁለቱ እኩል መርገጥ አለባቸው። እኩል ካልረገጡ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ፈጣንና ዘገምተኛ በሬዎች ናቸው። አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲጎትት ቀንበሩ ይሰበራል።»

መለየት የሚቻለው ካምቢዮው ላይ በተጻፈው ቁጥር ነበር፤ ግን ፒሩክ ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተውበት ቁጥሩ ጠፍቷል። የመኪናችን ወረቀትም በጸሐይ ነጥቶ የሚነበብ ፊደል አልቀረውም። ስለዚህ መቁጠር ነበር። መጀመሪያ የኋላውን ቆጠርን፦ ጎማው ላይ እኔ በጠመኔ አሰመርኩ፣ አጎቴ ከሥር ተኝቶ ዘንጉን በእጁ አዞረ። የዚህ መኪና ማርሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድ ዙር ብቻ ብንቆጥር ሁለቱም ዓይነት አራት ዙር ከምናምን ስለሚሆን አይለይም አለ። ጎማው አሥር ጊዜ እስኪዞር ቆጠርን። ዘንጉ አርባ አንድ ጊዜ ዞረ። «ካምቢዮውም አርባ አንድ ካለን ወንድማማች ናቸው። አርባ አራት ካለን ግን ወደ ሻጩ እንመልሰዋለን» አለ አጎቴ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ካምቢዮውን መቁጠር ጀመሩ። አጎቴ በአንድ በኩል ዘንጉን ይዞ ያዞራል፣ ጮክ ብሎም ይቆጥራል። አባቴ በሌላው በኩል ተቀምጦ እኔ በጠመኔ ያሰመርኩትን ምልክት ያያል፣ ዙር በሞላ ቁጥር ጣቱን ያጥፋል። የከሰዓት ሚሽመሬት ስለነበረው የሥራ ልብሱን ለብሷል። አምስተኛ ጣቱን ካጠፈ በኋላ አዝዓቃው ጮኸ።

ሮጥን። እናቴ ከላይ ስትወርድ አጎቴ ደረጃው ላይ ደግፎ ተቀበላት። ሚክላቱ ውስጥ ጎረቤታችን አባ ወርቁ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከዚያ ከሩቅ ሁለት ጊዜ ጓ አለ፤ አቧራ ከጣሪያው ረገፈ። እናቴ እጄን ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጁ ይራገጥ ነበር። «እሱም ፈራ» አለችኝ።

ስንወጣ ካምቢዮው ከጎማው ላይ ተንከባሎ አፈር ላይ በጎኑ ወድቋል። የጠመኔው ምልክት ጠፍቷል። አጎቴ ቀና አደረገውና ምልክቱን እንደገና እንዳሰምር ጠራኝ።

«እንደገና ከመጀመሪያው እንቁጠረው» አለ።

አባቴ ወደ መንገዱ አየ። የፋብሪካው ሚኒባስ ጥግ ላይ ሊደርስ ነው። «ሰውየው አንድ ነው ብሏል አይደለም? ግጠመው።»

«ጋሼ ማሩ፣ ጥቂት ጊዜ ነው። ልቤ አላመነውም።»

«ተገኘ፣ እህትህ ወሯ እየገባ ነው፣ ሰማዩ ይተኩሳል፣ መኪናዬ ያለ ሆድ ቆሟል! ግጠመው አልኩህ።»

ሌላውን ጫፍ እኔ እይዝልሃለሁ አልኩት አጎቴን፤ እናቴ ግን ከመስኮት ጠራችኝ። ውጭ መዋል ተከልክዬ ነበርና ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ቤት ወጣሁ። አባ ወርቁ ደረጃው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተው ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ለራሳቸው፣ ወደ ቤታቸውም ገቡ። አባቴ በሚኒባሱ ከሄደ በኋላ አጎቴ ለረዥም ጊዜ ካምቢዮው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው በመስኮት አየሁት። ከዚያ ስልክ አውጥቶ ጓደኛውን ጃክ ይዘህ ና አለው።

መኪናው ተነሳ። አባቴ ሰፈሩን ዞሮ ሲመጣ ጥሩምባ ነፋ፣ ልጆቹ ሁሉ ጮኹ። ለጥቂት ቀናት ደስታ ነበር። ግን መታጠፊያ ላይ መኪናው ስቅታ እንደያዘው ሰው ይነጥር ጀመር፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ከሥራችን የሚያጉረመርም ነገር ነበረ። ያ ሽታም ያኔ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ እንደ ያረረ ስኳር። አጎቴ አንድ ቀን አብሮን ተሳፍሮ ሲሸተው ፊቱ ተለወጠ። «አቁመው ጋሼ ማሩ። አውርጄ ልየው። እስከዚያ አትንዳው» አለ። አባቴ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ታወርደዋለህ፣ አሁን ግን በር ላይ መቆም አለበት አለ። መንዳቱን ግን ቀነሰ። ይህን ለእሱ መመስከር አለብኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፉን ሰቅሎ ወደ ሥራ በሚኒባስ ነበር የሚሄደው። መኪናውን ለዚያች ቀን ነበር የሚያስቀምጠው።

ያች ቀን ከወሯ ቀድማ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነው። አጎቴ ፋብሪካው ትርፍ ሰዓት ጠርቶት ሄዶ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ሳለ ውሃዋ ፈሰሰ። ጎረቤት አምቡላንስ ጥሩ አሉ፤ አባቴ ግን ቁልፉን ከግድግዳው አንስቶ ነበር። ለብቻዬ ቀርቼ አዝዓቃ ቢመጣስ ብላ እናቴ እኔንም አሳፈረችኝ። ከኋላ ተኛች፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች። ፊቷ በላብ ረጥቦ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዲት ቃል አትናገርም። ጎንደር እያለች ሴት በምጥ መጮህ ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው።

ከከተማው ወጥተን ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን፣ አባቴ መስቀለኛው ላይ ሲታጠፍ ከሥራችን ብረት ሲሰበር ሰማሁ። መኪናው ባለበት ደረቀ፤ ጎማው እንደ ታሰረ ነው። ጭስ ወለሉ ውስጥ ገባ፣ ያ ሽታም ከጭሱ ጋር። አባቴ ወርዶ ገፋው። ብቻውን፣ በትከሻው። መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ተቆልፏል። ሰው ቆሞ ረዳው፣ ስልክ ተደወለ። በሁለቱም በኩል የተጨደ የስንዴ ማሳ ነበር፤ ጸሐይ ከማሳው ላይ ዓይን ትወጋለች። ወንድሜ እዚያ የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። እትብቱ አንገቱ ላይ ነበር። አንዲት ከመኪናዋ የወረደች ሴት ፈትታ ፊቱን ጠረገችው። አላለቀሰም። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰዎቹ መንገዱ ዳር ጨርቅ ዘርግተው ተንበረከኩበት፣ ብዙ ጊዜም ታገሉ። አባቴ ከእነሱ ኋላ ቆሞ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አይዞህ» ይል ነበር። ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በኋላ ሐኪሞቹ ሆስፒታል ቢደርስ ምናልባት አሉ፣ ምናልባትም አይተርፍም ነበር አሉ። ያ ምናልባት ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ።

ለቅሶ አልተቀመጥንም። ወር ያልሞላው ሕፃን ሲሞት ሰባት ቀን ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ሕጉ እንደዚህ ነው አሉን። የሚቀብሩት ሰዎች ወሰዱት፤ የት እንደሆነ አልተነገረንም፣ እኛም መጠየቅ እንዳለብን አላወቅንም። ጎረቤቶች ግን በሕጉም ቢሆን ዝም አላሉም፤ ድስታቸውን ይዘው መጡ፣ ሳሎናችን ሞላ። እናቴ ጡቷን በነጠላ አስራ ግድግዳው ጋር ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ሌላ ይሰጥሻል ይላታል። አጎቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ውስጥ ያልገባ፣ ውጭ ያልወጣ።

አባቴ ድንገት ቀና ብሎ አየው። «ብረት አውቃለሁ ስትል ነበር» አለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ልጄን ያንተ ካምቢዮ በላው።»

አጎቴ አንድ ቃል ቢናገር፣ እንቁጠር ብዬህ ነበር ቢል፣ እውነት ነበር። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለው። እኔ ግን አልቻልኩም። «አባዬ፣ እሱ እንደገና እንቁጠር ብሎህ ነበር። ግጠመው ያልከው አንተ ነህ!» ብዬ ጮኽኩ። በዕብራይስጥ ነው ያልኩት፤ ስናደድ የሚመጣልኝ በዚያ ቋንቋ ነበር። ግማሹ ሰው አልሰማም። አባቴ ግን ሰማ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ለማንም ገልጬ አላውቅም።

አባ ወርቁ ዘወር ብለው «ምን አለች ልጅቷ?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልተረጎመላቸውም። በመጨረሻ እናቴ ከግድግዳው ሥር ሆና «ርቦኛል ነው ያለችው» አለች። አንዲት ሴት ተነስታ ሳህን አመጣችልኝ። በላሁ። ሁሉም እያዩኝ እንባዬን ከምግቡ ጋር ዋጥኩ።

አጎቴ በማግስቱ ልብሱን በአንድ ከረጢት ይዞ ወጣ። በከተማው ማዶ ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራየ። አባቴ ስሙን አያነሳም። እናቴ በሁለቱ መሐል ቀለጠች፤ ባሏን አትወቅስ፣ ወንድሟን አትወቅስ፣ በሁለቱም ፊት አታለቅስ። እኔና አባቴ አብረን ዝም ማለትን የለመድነው በእነዚያ ሳምንታት ነው። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። ምሽት ላይ ሥራ ከሌለው ከብሎኩ ጀርባ፣ ዘይቱ አፈሩን ያጠቆረው ቦታ ላይ ሄዶ ይቆማል።

በአስተስርዮ፣ በስርየት ጾም ዋዜማ፣ ሰው ከጾሙ በፊት ይቅር በለኝ በሚባባልበት ሰዓት፣ አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ «ነይ» አለኝ። መኪኖች ከመንገዱ እየጠፉ ነበር፣ ከተማው ጸጥ ብሏል። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኩም። አጎቴ በሩን ሲከፍት ከስቶ ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ገብቶ አልተቀመጠም።

«ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። አንተ እንቁጠር ብለህ ነበር» አለ።

አጎቴ «አርባ አራት ነው» አለ። «መኪናው ወደተጣለበት ሄጄ ካምቢዮውን አስፈትቼ ቆጠርኩት። አርባ አራት።»

አባቴ የበሩን መቃን ያዘ።

«ግን ጋሼ ማሩ፣ አንተ ወደ ሥራ ሄደህ ነበር። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረ። ብቆጥረው ማን ይከለክለኝ ነበር? ልክ ባይሆንስ፣ እንደገና ሻጭ ፍለጋ፣ እንደገና ለአንተ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው የገጠምኩት። ብረቱ በእኔ እጅ ነበር።»

ሁለቱም አላለቀሱም። አባቴ እጁን ዘርግቶ የአጎቴን አንገት ያዘ፣ ግንባሩን ወደ ግንባሩ ሳበው፤ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። እኔ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ አየኋቸው። ልጅ ስለነበርኩ አሁን ሁሉ ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። አልተመለሰም። አጎቴ ዓርብ ዓርብ እየመጣ ይበላ ጀመር፤ ሶፋው ላይ ግን ዳግመኛ አልተኛም። የልጆች ብስክሌት እንኳ ጠግን ሲሉት እጄን ያመኛል ይል ነበር። እናቴም ሌላ አልወለደችም።

አሁን ከተማችን ሌላ ነው። በማዶ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር ረዣዥም ፎቆች ተነስተዋል፤ የእኛ ዕድሜ ልጆች እዚያ ቤት ይገዛሉ፣ ጠዋት ጠዋት በባቡር ይወጣሉ። ብሎካችን ጀርባ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ጎጎኢም የሚጫወት ልጅ አላይም። ስንት ነገር ናፍቆኛል፤ የአጎቴን የድሮ ሳቅ የመሰለ ግን የለም።

ከዚያ የቴስት ቀን በኋላ ለእናቴ ስለ ሽታው ነገርኳት። እሷም «ልጄን የት እንዳደረጉት መጠየቅ ይቻላል ወይ?» አለች። ይህን ያህል ዓመት ስትጠብቅ ኖራ ነው። ወደ ቀባሪዎቹ ደውዬ ጠየቅኩ፤ የመቃብሩን ቦታ ነገሩን። ባለፈው ሳምንት አራታችንም በአባቴ መኪና ሄድን። ከሌሎች ትናንሽ ድንጋዮች መሐል አንዲት ድንጋይ ናት። እናቴ የዕብራይስጥ ጽሑፍ አታነብም፣ እኔ አነበብኩላት። የቀበሩት ሰዎች ስም አውጥተውለታል፦ መናሔም ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አለች።

«የሚያጽናና ማለት ነው እማዬ።»

«ደግ ስም ነው» አለችና ድንጋዩን በመዳፏ ጠረገችው። አባቴና አጎቴ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ሸብተዋል። ያኔ አባቴ ሠላሳ ስድስት፣ አጎቴ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ልጅ እያለሁ ትልልቅ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር፣ ሁሉን የሚያውቁ። አሁን እኔ ወደ ያኔው የአጎቴ ዕድሜ እየቀረብኩ ነው፣ የማውቀውም ጥቂት ነው።

ስንመለስ አጎቴ ከፊት ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ጭንቅላቱ መስኮቱ ላይ አርፎ፣ እንደ ሕፃን ተኛ። እናቴ ሌሊት እንደማይተኛ ሁልጊዜ ትነግረኛለች። አባቴ ሬዲዮውን አጠፋ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ቢነፉም ፍጥነቱን አልጨመረም። በመስተዋቱ አየኝ።

«ተኛ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተኝቷል አባዬ።»

የቂርያት ጋት መታጠፊያ ደረሰ። አባቴ አልታጠፈም፤ ቀስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።